ጋሽ ተድላና የቅዳሜው ብስክሌት

ጋሽ ተድላ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሊዲያ ናት። ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቶ፣ «ሲስተር፣ ዳዲ ዐረፈ» አለችኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ከምን ላይ ወድቀው?» የሚል ነበር። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። ሊዲያ ግን ከልቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት።

«ሰው ሁሉ እሱኑ ነው የሚጠይቀኝ» አለችኝ። «አልወደቀም ሲስተር። ምሳውን በልቶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ።»

ናይሮቢ ለቀሩት የድሮ ወዳጆቻችን መርዶውን ማድረስ የእኔ ፋንታ ሆነ። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ «ሄልሜት አድርገው ነበር?» አሉኝ። ከጋሽ ተድላ ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ደግሞ «ልጆቹስ ተረፉ?» ብላ ጮኸች። ጋሽ ተድላ በአልጋቸው ላይ፣ በሰላም፣ አንድም ቦታ ሳይላጡ መሞታቸውን ለማስረዳት ያን ቀን ብዙ ደከምኩ።

የተዋወቅነው ናይሮቢ ነው፤ ማታቱ የሚባሉት የከተማው ሚኒባሶች ቢጫ መስመር ተቀብተው ተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶ እሰር በተባለበት ሰሞን። እኔ ያኔ ካሳራኒ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ጋሽ ተድላ ደግሞ የአንድ ትልቅ የእርዳታ ድርጅት የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው ባጭሩ ሰው እንዳይጎዳ መከልከል ነው። ደረጃ ሲወጣ እጁ መደገፊያውን ያልያዘ ሠራተኛ ካዩ ይጠሩታል። ክዳን የሌለው የሻይ ኩባያ ይዞ በኮሪደር መሄድን የከለከሉት እሳቸው ናቸው። አዲስ የመጣ ሠራተኛ የእሳቸውን ገለጻ ሰምቶ ሲወጣ፣ ለሳምንት ያህል መንገድ ለመሻገር ይፈራ ነበር ይባላል። ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያለው ቤታቸው በኤሌክትሪክ አጥር የተከበበ ነው። በሩ ላይ አስካሪ የሚባሉ ሁለት ዘበኞች ይቆማሉ፤ ግቢው ውስጥ ጥጃ የሚያህል ውሻ አለ፤ በየመኝታ ቤቱ ደግሞ ሲጫኑት የጥበቃ መኪና የሚያመጣ ቀይ ቁልፍ አለ።

ሌባ ያን ቤት አልደፈረውም። ጋሽ ተድላ ግን አራት የተራራ ብስክሌቶች አስገቡበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊኒካችን የመጡ ዕለት ቅዳሜ ነበር። በሩ ተከፈተና መላው ቤተሰብ በሰልፍ ገባ። ፊት ፊት ልጃቸው ናታን አገጩን በካልሲ ይዞ፤ ቀጥሎ ሊዲያ ክርኗን እያየች፤ ከዚያ ሚስታቸው ሰብለ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ባዶ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ተድላ ራሳቸው፤ ከላይ እስከ ታች የኪያምቡ ቀይ አፈር ተቀብተው፣ ሄልሜታቸውን እንዳጠለቁ፣ ጭናቸው ላይ ጥብቅ ያለ ጥቁር ቁምጣ አድርገው። ያን ያህል ዕድሜና ማዕረግ ያለው ሰው እንደዚያ ያለ ቁምጣ ለብሶ አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ካርድ የምታወጣው ዋንጂሩ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በስዋሂሊኛ እያዘነችላቸው፣ «ፖሌ ሳና! ማታቱ ተገልብጦ ነው?» አለች።

«አይደለም» አሉ ጋሽ ተድላ በክብር። «ስፖርት ነው።»

የናታንን አገጭ እየሰፋሁ፣ «ጋሽ ተድላ፣ እዚያው ሰፈራችሁ ያን የመሰለ ሆስፒታል እያለላችሁ እስከ ካሳራኒ ምን አደከማችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

ዘወር ብለው በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ ከታከምን በድርጅቱ ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ ለድርጅቱ የአደጋ ሪፖርት ይልካል።»

«ቢልክስ?»

«ሪፖርቱ የሚመጣው ለእኔ ነዋ!»

«ታዲያ ለእርስዎ ከመጣ ምን ችግር አለው?»

«መመርመር አለብኝ፣ ሲስተር» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ጭንቀት ነበር። «አጥፊው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ሰብለ ግድግዳውን ተደግፋ እንደቆመች፣ «እኔ ልንገርህ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጠብቃቸው ጀመር። ፋሻውንና አዮዲኑን አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ዋንጂሩ ወንበር ትደረድራለች። አንዳንዴ ከኪያምቡ የቡና እርሻ መሃል፣ አንዳንዴ ከሊሙሩ ሻይ ማሳ ይመጣሉ። የተላጠ ጉልበት፣ የወለቀ ጥፍር፣ ያበጠ ከንፈር፣ የብስክሌት ካቴና የጨመቀው ጣት። ከባድ ነገር አልነበረም፤ ሁልጊዜ ግን የሆነ ነገር ነበር። ጋሽ ተድላ ደግሞ «ወደቅን» ብለው አያውቁም። «አልወደቅንም፤ ሳናስበው ወረድን» ነው የሚሉት። ናታን ቦይ ውስጥ በጭንቅላቱ ተተክሎ እግሩ ብቻ የታየ ቀን እንኳ፣ «መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሱ ቀጥታውን መረጠ» ብለው ነው ያስረዱኝ። መንገድ ላይ የሚያልፉ የሻይ ለቃሚዎች ቆመው «ፖሌ ምዜ!»፣ ማለት «ውይ አባታችን!» ሲሏቸው፣ አዘኑልኝ ሳይሆን አበረታቱኝ ብለው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር፤ አንድ እጅ ከመሪው ላይ ሲነሳ የሚሆነው ደግሞ ይታወቃል።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። መጀመሪያ የተወራው ስለ ቁምጣው ነበር። ቀጥሎ የቤተሰቡ ፋሻ እሑድ እሑድ እየበዛ ሲመጣ ሰዉ መስጋት ጀመረ። አንድ ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ፓስተራችን ቆሙና፣ «ጠላት በወንድማችን በተድላ ቤት ላይ ተነሥቷል!» አሉ። «በየሳምንቱ ደም ይፈስሳል! ይህ የብስክሌት መንፈስ ዛሬ ይመታል!» ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ።

«ፓስተር፣ ይቅርታ፤ ለእርማት ያህል ነው» አሉ ጋሽ ተድላ። «መንፈስ አይደለም። የባለቤቴ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ነው። አይዝም።»

ጉባኤው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ፓስተሩ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያውስ ስለ ፍሬኑ እንጸልይ» አሉ። ጸለይን። እኔም ከልቤ ጸለይኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍሬኑ ያዘ። ያዘና አልለቅም አለ። ሰብለ ቁልቁለት ላይ ነበረች፤ ብስክሌቱ ቆመ፣ እሷ ግን አልቆመችም። በመሪው ላይ አልፋ ሄዳ ሩንዳ የሚኖር አንድ አምባሳደር ግቢውን ያጠረበት የኮሽም አጥር ውስጥ ገባች። ጋሽ ተድላ በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ እንደ ምስክርነት ያለ ነገር ነበር፤ «ሲስተር፣ ጸሎቱ ደርሷል። ወረንጦ አዘጋጂ።»

ያን ቀን ሰብለ ክሊኒኩ አልጋ ላይ በሆዷ ተኛች፤ እኔ በወረንጦ እሾህ እየነቀልኩ ከበላይዋ ቆምኩ። እሾሁ የገባበትን ቦታ ለጨዋ አንባቢ አልዘረዝርም። ጋሽ ተድላና ልጆቹ ውጭ ነበሩ። እኔና ሰብለ እኩያሞች ስለነበርን በዚያች ሰዓት ወዳጅነታችን ጠበቀ፤ እንደዚያ ሆኖ የማይጠብቅ ወዳጅነት የለም።

«እንዴት ጀመራችሁት ግን ይሄን ነገር?» አልኳት።

«ከደቡብ ሱዳን የተመለሰ ጊዜ ነው» አለች፤ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ። «ወራት ቆይቶ መጣ። እራት ቀረበ። ናታን አየት አደረገውና፣ እንግዳ እንደሚጠየቀው በትሕትና፣ ‹ዳዲ፣ መቼ ነው የምትሄደው?› አለው። በመጣበት ቀን! እጁን ታጥቦ ተነሣ። በሳምንቱ አንድ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ባልደረባው የቤት ዕቃ ሲሸጥ ሄደ። እኔ ፍሪጅ ግዛ ብዬ ልኬዋለሁ። አራት ብስክሌት ጭኖ መጣ። ‹ቤተሰብ አንድ ላይ የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል› አለኝ። አይ! እዚያ ጋ ቀስ በይ!»

«ይቅርታ። ረጅም ነበር ይሄኛው።»

ትራሱን አስተካከለች። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ልገባ ነው» አለችኝ። «ለሱ አልነገርኩትም። ተጣልተን አይደለም፤ ለመጣላትም እኮ ሰው ቤት መኖር አለበት። እኔ ባል የለኝም ሲስተር። በዓል ላይ የሚመጣ ዘመድ ነው ያለኝ። ስጦታ ይዞ ይመጣል፣ የደኅንነት ምክር ይሰጠናል፣ ይሄዳል።»

እሾህ መንቀሌን ቀጠልኩ። ከመስኮቱ ውጭ ጋሽ ተድላ ለልጆቹ የፍሬን ገመድ አሠራር ሲያስረዱ ይሰማል። ሊዲያ የዚያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነበረች፤ በየመሃሉ «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ?» ትላለች። ከአባቷ ጋር የነበራት ንግግር በአብዛኛው ይኼ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የድርጅቱ የቤተሰብ ቀን ነው። በየዓመቱ ሠራተኞቹ ከነልጆቻቸው ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ንግግር ይደረጋል። ጋሽ ተድላ የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑን እንድይዝ ጋብዘውኝ ስለነበር በቦታው ነበርኩ። እሳቸው መድረኩ ላይ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ የተላጠው ክርናቸው በእጅጌው ተሸፍኗል። ከበላያቸው «ደኅንነት ከቤት ይጀምራል» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። እሳቸው ናቸው ያሰቀሉት።

አለቃቸው አንዲት ረጅም ስካንዲኔቪያዊት ሴት ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ልጆች ትወዳለች። ናታንን ከፊት ረድፍ አየችውና አጎንብሳ፣ «ምነው አገጭህን?» አለችው። ማይክራፎኑ በእጇ ነበር።

«አልወደቅኩም» አለ ናታን፤ «ሳላስበው ወረድኩ።»

«ከምን ላይ?»

ልጁ አባቱን አየ። አባቱ ጨርቁን አዩ። ናታን በዚያ የናይሮቢ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛው፣ ጥርት አድርጎ፣ «ዳዲ ከብስክሌት ነው አትበል ብሎኛል» አለ።

የግቢው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሮቹ ተደጋገፉ። ክዳን በሌለው ኩባያ ሻይ ይዞ ሲሄድ የተቀጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባውን ይጠርግ ነበር። ጋሽ ተድላ ገለጻቸውን እንደምንም ጨርሰው ከመድረክ ወረዱና ወደ እኔ ድንኳን መጥተው ተቀመጡ። ያዋረዳቸው ሳቁ መስሎኝ ላጽናናቸው ስል እጃቸውን አነሡ።

«ሳቁስ ይሁን» አሉ። «ልጄን ግን መዋሸት አስተማርኩት። ብስክሌቱን እንኳ በቅጡ ሳላስተምረው።»

ሰኞ ራሳቸውን ከሰሱ። ይህ ቀልድ አይደለም። የአደጋ ሪፖርት ጻፉ፣ መርማሪ ሆነው ራሳቸውን ጠየቁ፣ መልስ ሰጡ። የምርመራው ውጤት፦ አሽከርካሪዎቹ በቂ ሥልጠና አልወሰዱም፤ ያሠለጠናቸው አቶ ተድላ ነው፤ ስለዚህ አቶ ተድላ የደኅንነት ሥልጠና ይውሰድ። የድርጅቱ የደኅንነት ሥልጠና ሰጪ ደግሞ አቶ ተድላ ነው። አለቃቸው ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ስታይ ቆየች አሉ።

ጥሩው ነገር፣ ከዚያ በኋላ መደበቅ ቀረ። መጥፎው ነገር፣ መደበቅ ሲቀር ጋሽ ተድላ ድፍረት ጨመሩ። «ናይቫሻ እንሄዳለን» አሉ። ከሐይቁ አጠገብ ሰው በብስክሌት የሚገባበት ፓርክ አለ፤ ግራና ቀኝ ቀይ ገደል፣ መሃሉ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የሜዳ አህያና ከርከሮ። ሰብለ ለብቻዬ ደውላ፣ «አብረሽን ነይ፤ ይሄ የመጨረሻችን ነው። ከናይቫሻ ስንመለስ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ሻንጣ መግዛት ጀምራ ነበር።

ሄድን። እኔ ብስክሌት ላይ እንደማልወጣ አስቀድሜ በማያሻማ አማርኛ ስለተናገርኩ፣ ከበሩ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ከመድኃኒት ሳጥኔ ጋር ተቀመጥኩ። እነሱ ተሰልፈው ገቡ። ጋሽ ተድላ ፊት ሆነው ሲያስተምሩ ድምፃቸው ከዓይኔ ከተሰወሩ በኋላም ይሰማኝ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ከሩቅ አቧራ ተነሣ። የሜዳ አህያ መንጋ መሰለኝ። ሲቀርብ ሰብለ ናት። ሄልሜቷ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ቀሚስ ነገር በሱሪ ላይ ደርባ ስለነበር እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ፔዳሉን ቆማ ነው የምትረግጠው። ያቺ ፍሬን እየያዘች ስትንቀጠቀጥ የኖረች ሴት ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ወረደችው። ፊቴ ደርሳ አቆመች፤ በሥርዓት፣ ሳትወድቅ።

«ተድላ!» አለች። «ከርከሮ!»

ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበራትም። የፓርኩን ጠባቂ ጠርተን በፒክአፑ ገባን። የሆነውን መንገድ ላይ ነገረችኝ። ጋሽ ተድላ ወደ ኋላ ዞረው ለልጆቹ «ዓይናችሁን ከመንገዱ ላይ አትንቀሉ!» እያሉ ሲጮኹ፣ አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከፊታቸው መንገዱን ተሻገረች። እነሱ ሁሉ አዩዋት። ያላዩዋት ጋሽ ተድላ ብቻ ናቸው።

ስንደርስ ገደሉ ጥግ መሬት ላይ ተጋድመው አገኘናቸው። ሊዲያ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ላባቸውን በሹራቧ ትጠርጋለች። ናታን የጎማ መንፊያውን እንደ ጦር ይዞ ቁጥቋጦው ፊት ዘብ ቆሟል፤ ከርከሮዋ ከተመለሰች ሊገጥማት ነው። ጋሽ ተድላ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከአንገታቸው ሥር ያለው አጥንት መሰበሩን ከሩቅ አየሁት፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ወርዷል። ጎንበስ ስል እኔን አላዩኝም። ሚስታቸውን ነበር የሚፈልጉት።

«ሰብለ» አሉ። «ወደቅኩ።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ሰብለም ሳትደነግጥ አልቀረችም፤ ተንበርክካ ያልተጎዳውን እጃቸውን ያዘች።

ክንዳቸውን አሰርኩትና ፒክአፑ ላይ አሳፈርናቸው። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በነጠረ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ልጆቹ ግራና ቀኝ ደግፈዋቸዋል። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ልትሄዱ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ።

ሰብለ ዞረች። «ማን ነገረህ?»

«ከትምህርት ቤቱ ደወሉልኝ። የልጆቹን ማስረጃ መቼ ነው የምትወስዱት አሉኝ።»

«ታውቅ ነበር? ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን እላለሁ?» አሉ። «ቢሮ ሁሉም ነገር መመሪያ አለው። ቤት ስመጣ የት እንደምቀመጥ እንኳ አላውቅም። ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁን ይዛችኋል። የሚሰማኝ ሳጣ ነው ‹ናይቫሻ እንሂድ› ያልኩት።»

ሊዲያ ‹ሲሪየስሊ› የምትል መስሎኝ ነበር። ግን አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ዳዲ፣ አንተ ሶፋው ጋ ነው የምትቀመጠው። የመስኮቱ ጋ። ማንም እዛ አይቀመጥም» አለቻቸው። ሰብለ ደግሞ ወደ ገደሉ አፍጥጣ፣ «አሁን አትናገር፤ አጥንትህ ይንቀሳቀሳል» አለች።

ራጅ ተነሥተው፣ ክንዳቸው በሰማያዊ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቤት ዋሉ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቤት ውለው አያውቁም። መጀመሪያ ሰሞን የቤቱን የእሳት አደጋ መውጫ ሲፈትሹ ሁሉንም አስመረሩ። ኋላ ግን ከናታን ጋር ካርታ መጫወት ጀመሩ፤ በአንድ እጅ ካርታ መበወዝ ስለማይችሉ ልጁ ይበውዝላቸዋል፣ ያጭበረብራቸዋልም። ጥቁሩ ቁምጣም ከሰው ዓይን ራቀ፤ ለዚህ እንኳ ከርከሮዋን የማመስገን ግዴታ አለብን።

ከዚያ ድርጅቱ አዲስ ተልዕኮ አወጣ። ዳርፉር፤ ለብዙ ወራት። አለቃቸው ከጋሽ ተድላ የተሻለ ሰው የለም አለች። ግን እሳቸው ራሳቸው የጻፉት አንድ ደንብ ነበር፤ ሻንጣውን በሁለት እጁ ማንሣት የማይችል ሠራተኛ ወደ መስክ አይሰማራም ይላል። እስከዚያ ቀን ያ ደንብ ማንንም ከምንም ሲያድን አላየሁም።

አንድ ከሰዓት ብቻቸውን ካሳራኒ መጡ። ተቀመጡ። ጨርቃቸውን አስተካከሉ።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «አጥንቴ ቀስ ብሎ ቢገጥም ምን ይመስልሻል?»

«አጥንት ትእዛዝ አይቀበልም ጋሽ ተድላ። ልክ በጊዜው ይገጥማል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጥሩ አጥንት ነው ያለኝ። ያ ነው ችግሩ።»

ከዚያ ጀምሮ፣ ቁስሉን ለማሳነስ ሲሮጥ የኖረው ሰው ሌላ ሰው ሆነ። «እንዴት ነው ትከሻው?» ሲባሉ «ኧረ ገና ነው፣ ይጠዘጥዘኛል» ይላሉ። ሳል ሲስሉ ትከሻቸውን ይይዛሉ። እሑድ ሲዘመር ሁሉም እጁን ሲያነሣ እሳቸው አንዱን ብቻ ያነሣሉ፤ ፓስተሩ ለፈውሳቸው ሲጸልዩ «አሜን» የሚሉት ቀስ ብለው ነበር።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን፣ ሰብለ ቅዳሜ ለምሳ ጠራችኝ። ስገባ ኮሪደሩ ላይ አዳዲስ ሻንጣዎች ቆመዋል፤ ተሞልተው ይሁን ባዶ አላወቅኩም፣ መጠየቅም አልደፈርኩም። እሷም ስለ ሻንጣዎቹ አልተናገረችም፤ በጓሮ በር አድርጋ ወጥ ልታማስል ገባች። እኔ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ጋሽ ተድላ እዚያ ናቸው። ናታን ብስክሌቱን ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ማውረድ አቅቶት ይታገላል። እሳቸው ግራ ቀኝ አዩ፤ ጨርቁን ከአንገታቸው አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ብስክሌቱን በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው ከራሳቸው በላይ ያዙት። እንደ ወጣት። ናታን አጨበጨበ።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተከፈተ። አስካሪው ሰላምታ ሰጠ፤ የድርጅቱ ነጭ መኪና ገባ። አለቃቸው ኬክ ይዛ ልትጠይቃቸው መጥታለች። መኪናው ከጽጌረዳው ቁጥቋጦ ጀርባ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ጋሽ ተድላ ብስክሌቱን እንደተሸከሙ ደርቀው ቀሩ። እኔም ደርቄ ቀረሁ።

ያልደረቀችው ሰብለ ናት። ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ወጣች፤ ለምን ያህል ጊዜ በመስኮት ታይ እንደነበር አላውቅም። ብስክሌቱን ከእጃቸው ተቀብላ ለናታን ሰጠችው። ማማሰያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ጨርቁን ከትከሻቸው ላይ ወሰደች፣ ክንዳቸውን አጥፋ አስገባችበት፣ ከአንገታቸው ኋላ ቋጠረችው። አለቃቸው ከመኪናው ስትወርድ፣ ሰብለ ባሏ ደረት ፊት ቆማ ጨርቁን ታስተካክላለች፤ አንዲት ሚስት በሽተኛ ባሏን ስትንከባከብ።

«እንዴት ነው ትከሻው?» አለች አለቃቸው። «ለሚቀጥለው ወር የዳርፉር ጉዞ ልተማመንበት እችላለሁ?»

ሰብለ አልዞረችም። ዓይኗን ከጋሽ ተድላ ፊት ላይ ሳታነሣ በእንግሊዝኛ፣ «ገና ነው» አለች። «ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። እኔ ነኝ የማስታምመው።»

እጇን ወደ አንገታቸው ኋላ ሰደደችና ቋጠሮውን እንደገና ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። በጣም።

«አመመኝ» አሉ ጋሽ ተድላ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው።

«ይመምህ» አለች ሰብለ።

አለቃቸው አማርኛ አታውቅም፤ የማጽናኛ ቃል መስሏት በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች፣ ኬኩንም በሩ ላይ ለቆመችው ለሊዲያ ሰጠቻት።